ካምፐር ከመምረጣችሁ በፊት የመኪናችሁን በር ክፈቱ

(በዳግም መገናኘት በዓላችን ሁለተኛ ቀን፣ በቤተሰብ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ የእንቅልፍ መሆኑን ሁላችንም ከአምስት ኪሎ ጀምሮ ስለምናውቀው ላንዛዛባችሁ አልፈልግም።

ትናንት በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የሚቀጥለው ዓመት መገናኛችን በሆቴል አዳራሽ መሆኑ ቀርቶ፣ ሐምሌ ላይ በቨርጂኒያ፣ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የካምፕ ቦታ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ገና አልጸደቀም። ግን ከስብሰባው ወጥተን ቡናችንን ሳንቀምስ ቢያንስ ስድስት ሰው ይዞ አቆመኝ፤ ጥያቄውም አንድ ነው፦ «ለቤተሰብ የሚሆን ቀለል ያለ ካምፐር የትኛው ነው?» እኔን የጠየቃችሁኝ መካኒካል መሐንዲስ ስለሆንኩ፣ ደግሞም ከቤተሰቤ ጋር ተሳቢ እየጎተትን ብዙ የዕረፍት ጊዜ ስላሳለፍን ነው። ለእያንዳንዱ ለብቻው ከመመለስ እዚህ ላይ ለሁላችሁም ልመልስ።

መጀመሪያ «ድንኳን አይበቃም ወይ?» የሚለውን እንይ። ለልጆች ይበቃል፣ እንዲያውም ይበልጥባቸዋል። ችግሩ የእኛ ቤተሰብ አባትና እናት፣ ሁለት ልጅና አንድ ውሻ አለመሆኑ ነው። በብዙዎቻችን ቤት ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከሐዋሳ ለስድስት ወር የመጣች እናት አለች። ጉልበቷን ያማታል፣ መሬት ላይ ተኝታ መነሳት አትችልም፣ ሌሊት ደግሞ አንዴ ሁለቴ ትነሳለች። ስለዚህ እኛ ልጆቹን ይዘን ወደ ተራራው ስንወጣ እሷ አፓርትመንት ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ትቀራለች። የልጅ ልጆቿን ለማየት ውቅያኖስ ተሻግራ መጥታ፣ ልጆቹ ትምህርት በማይሄዱበት በዚያው ሳምንት ብቻዋን ትሆናለች። ተረቷን እሳት ዳር ተቀምጣ ብትነግራቸው አማርኛቸው ስንት እርምጃ ወደፊት ይሄድ ነበር! ለእኔ ካምፐር ማለት ቅንጦት አይደለም። ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ፣ በር ያለው መጠለያ፣ ቅርብ የሆነ ሽንት ቤት፤ ሦስቱ ከተሟሉ እማማም ትመጣለች።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። ስሙን አልጠራም፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ አንድ የባች ጓደኛችን በሀይዌይ 81 ላይ ሲሄድ፣ ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፈው ከኋላው የነበረው ተሳቢ እንደ ውሻ ጅራት መወዛወዝ ጀመረ። አራት ሰው መኪናው ውስጥ ነበር። ፍሬን አልረገጠም፤ ቤንዚኑን ለቀቀ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ፣ ተሳቢው ቀስ እያለ ረጋ። ቆሞ ሲያየው ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ብስክሌቶቹም፣ የበረዶ ሳጥኑም፣ የውሃ ጀሪካኖቹም በሙሉ ከኋላ በኩል ተጭነው ነበር። ተሳቢው ራሱ ምንም ጉድለት አልነበረበትም፤ ችግሩ የክብደት አቀማመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው በአንድ ቃል ቢጠቃለል፦ ክብደት ነው።

«ቀላል» የሚለውን ቃል እንመርምረው። ማስታወቂያው ላይ «ቀላል፣ 1,800 ፓውንድ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ያ ቁጥር ተሳቢው ከፋብሪካ ባዶውን ሲወጣ የነበረው ነው። ውሃ የለበትም፣ ምግብ የለበትም፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ባትሪና ጋዝ እንኳ አልተቆጠሩም። ከዚህ ሌላ፣ ተሳቢው በሕግ ሊሸከም የሚችለው ጠቅላላ ክብደት የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ አካሉ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ባዶ ክብደቱ ከጠቅላላው ሲቀነስ የሚቀረው ነው የእናንተ ድርሻ። ሁለት ተሳቢዎች ባዷቸውን እኩል ቢመዝኑም አንዱ ለዕቃ 300፣ ሌላው 900 ፓውንድ ሊፈቅድ ይችላል። ሻጩን ባዶውን ብቻ ጠይቃችሁ አትምጡ።

እሺ፣ ታዲያ ስንት ፓውንድ ነው የምንፈልገው? መልሱ ያለው ሻጩ ጋ ሳይሆን ውጭ ፓርኪንግ ላይ የቆመው መኪናችሁ ጋ ነው። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ቢጫና ነጭ ወረቀት ተለጥፎ ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ የሰውና የዕቃ ድምር ክብደት ከዚህ መብለጥ የለበትም የሚል ቁጥር አለ። ሹፌሩም ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሌላኛውን ቁጥር፣ የመጎተት አቅሙን ነው። ሆንዳ ኦዲሲ 3,500 ፓውንድ ይጎትታል ይባላል፣ እውነት ነው። በዚህ አጋጣሚ ሲዬና ያላችሁ (ስንቆጥር የግማሽ አዳራሹ ነው!) ልብ በሉ፦ ከ2021 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ያለው ሃይብሪዱ ሲዬና 1,500 ፓውንድ ብቻ ነው የሚጎትተው፤ ከዚያ በፊት የነበረው 3,500 ነበር። ስሙ አንድ ሆኖ አቅሙ ከግማሽ በታች ወርዷል። ግን የመጎተት አቅም ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ሹፌርና አንድ ሰው ብቻ እንደተቀመጡ ተደርጎ ነው። የእኛ መኪና ደግሞ ሞልቶ ነው የሚሄደው።

አሁን አንድ ምሳሌ አብረን እናስላ። በሩ ላይ 1,200 ፓውንድ ተጽፏል እንበል፤ ወደ 544 ኪሎ ማለት ነው። አባት 170፣ እናት 150፣ ሦስት ልጆች 130፣ 90 እና 60፣ አያት 140። ድምሩ 740። መኪናው ውስጥ የሚጫን ሻንጣና ምግብ 120፣ ጋንቾው ከነብረቱ 50። ድምር 910። ከ1,200 ሲቀነስ 290 ፓውንድ ይቀራል።

ይህ 290 ምንድን ነው? ተሳቢው በጋንቾው በኩል መኪናው ላይ የሚያሳርፈው ሸክም ነው። ተሳቢ በጎማው ብቻ አይቆምም፤ ከፊሉን ክብደት መኪናችሁ ትሸከምለታለች። ይህ ሸክም ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 መሆን አለበት። ከ10 በታች ከሆነ ቅድም እንደነገርኳችሁ ጓደኛችን ጅራት ይሆናል። ከ15 በላይ ከሆነ የመኪናው ኋላ ይሰምጣል፣ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሪውና ፍሬኑ ይሰንፋሉ። መካከለኛውን፣ ከመቶ 13ን ብንይዝ፣ 290 ፓውንድ የሚፈቅደው ተጭኖ የሞላ 2,230 ፓውንድ ያህል የሚመዝን ተሳቢ ነው። አያችሁ? መጽሐፉ 3,500 እያለ፣ ቤተሰቡ ሲሳፈር አቅሙ 2,230 ሆነ። ልዩነቱን የፈጠሩት የምንወዳቸው ሰዎች ናቸው፤ እነሱን አንቀንስም፣ ተሳቢውን እንቀንሳለን።

ያንን «1,800 ፓውንድ» የተባለውን ተሳቢ እንጫነው። ባትሪ 50፣ የተለመደው ጋዝ ሲሊንደር ሞልቶ ከነቆርቆሮው ወደ 40፣ አልጋ ልብስ፣ ወንበር፣ ድስት፣ ጀበናና ረከቦት፣ የበረዶ ሳጥን 300። 20 ጋሎን ውሃ ደግሞ 167 ፓውንድ ነው። ድምሩ 2,357፤ አለፈ። ውሃውን ግን እዚያው ካምፑ ደርሰን ብንሞላ 2,190 ይሆናል፤ ገባ። በአንድ ውሳኔ ብቻ ከአደጋ ወደ ደኅና ተሻገርን ማለት ነው።

የጋንቾውን ሸክም ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ስታቲክስን ደግመው የወሰዱትም ቢሆኑ ይችሉታል። ጠንካራ ጣውላ ውሰዱ፤ አንዱን ጫፍ ጡብ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ መታጠቢያ ቤት ያለው የሰው ሚዛን ላይ አሳርፉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 3 ጫማ ይሁን። የተሳቢውን አፍንጫ ከጡቡ በ1 ጫማ ርቀት ላይ ጣውላው ላይ አስቀምጡት። ሚዛኑ የሚያሳየውን በ3 አባዙት። ሞመንት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ጠቅላላ ክብደቱን ደግሞ የጭነት መኪኖች ማረፊያ ያለ ሚዛን ላይ በጥቂት ዶላር ትመዘኑታላችሁ። በጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና በሚዛን ጣቢያ እንደሚያልፈው ሁሉ፣ እኛም አንዴ በሚዛን እንለፍ።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። በአራት ከፍዬ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ትንሹ ነው። ሁለት ሰው ይተኛበታል፣ ወጥ ቤቱ ከኋላ ክዳኑ ሥር ነው። ከሁሉም ይቀላል። ልጆቻቸው ኮሌጅ ለገቡላቸው ባልና ሚስት ግሩም ነው፤ ግን ውስጡ ቀጥ ብሎ መቆም ስለማይቻል ጉልበቷን ለሚያማት እናት አይሆንም።

ሁለተኛው ታጣፊው ነው። ሲጎተት ዝቅ ያለ ሳጥን ነው፤ ሲቆም ጣሪያው ይነሳል፣ አልጋዎቹ በሁለት ወገን ይወጣሉ፣ ግድግዳው ሸራ ነው። ስድስት ሰው ማስተኛት የሚችሉ አሉ። ዝቅ ስለሚል ነፋስ ብዙም አያስቸግረውም፣ ከጎኑ ሲታይ ዋጋውም ይሻላል። ጉዳቱ፦ መትከልና ማጠፍ ጉልበት ይጠይቃል፣ ብዙዎቹ ሽንት ቤት የላቸውም፣ ዝናብ ያገኘው ሸራ ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሻግታል። ቤት ስትደርሱ ዘርግቶ ማድረቂያ ግቢ የሌላችሁ የአፓርትመንት ነዋሪዎች ይህን አስቡበት።

ሦስተኛው በእንቁላል ቅርጽ ከፋይበርግላስ የተሠራው ነው። ታሪኩ ለእኛ ለመሐንዲሶች ይጥማል፦ ካናዳ ውስጥ፣ ዊኒፔግ ከተማ፣ ሬይ ኦሌኮ የተባለ ሰው የፋይበርግላስ ሴፕቲክ ታንክ ይነድፍ ነበር። በዚያው ብልሃት በ1968 እ.ኤ.አ. ቦለር የተባለውን ትንሽ ተሳቢ ሠራ። ላይና ታች ሁለት ቅርፊት ተገጣጥመው ነው የሚቆሙት፤ ስፌቱ ጥቂት ስለሆነ ውሃ የሚያስገባበት ቦታም ጥቂት ነው። 13 ጫማ ርዝመት ያላቸው አሮጌዎቹ ዛሬም መንገድ ላይ ይታያሉ። ጠረጴዛው ሲወርድ አልጋ ይሆናል፤ ሦስት፣ ተጠጋግተው አራት ይተኛሉ። ጉዳቱ ዋጋው ነው፤ አሮጌውም አይረክስም።

አራተኛው ተደራራቢ አልጋ፣ ሽንት ቤትና መታጠቢያ ያለው ትንሽ የጉዞ ተሳቢ ነው። ልጆቻችሁ አይተው የሚጮሁለት ይሄኛውን ነው። ብዙ ጊዜ «ቀላል» ተብሎ ይሸጣል፤ ነገር ግን ተጭኖ ሲሞላ 3,500 እና ከዚያ በላይ ይገባል፣ ቁመቱም ነፋስ ይይዛል። ቅድም ላሰላነው ቤተሰብ መኪና አይሆንም። ይህን የፈለገ ሰው የተሳቢውን ብቻ ሳይሆን የአዲስ መኪናንም ዋጋ አብሮ ይደምር።

ታዲያ ለስድስቱ ቤተሰብ የቱ ይሁን? የእኔ ምክር፦ ሁሉም ሰው ተሳቢው ውስጥ መተኛት አለበት ያለው ማን ነው? ለስድስት ሰው የሚሆን ቤት ከመጎተት፣ አልጋ ለግድ ለሚያስፈልገው ሰው የሚበቃ ትንሽ ተሳቢና ለቀሩት አንድ ጥሩ ድንኳን ያዙ። እማማ፣ እናትና ትንሿ ልጅ ውስጥ፤ አባትና ትልልቆቹ ውጭ። ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት አንድ ጥግ ይቀመጣል። ወጪው ይቀንሳል፣ ክብደቱም ይቀንሳል፣ ልጆቹም ድንኳናቸውን አይቀሙም። አንድ ነገር ብቻ፦ አንዳንድ የካምፕ ቦታዎች በድብ ምክንያት ሸራና ድንኳን አይፈቅዱም፤ የሎውስቶን ውስጥ ፊሺንግ ብሪጅ የሚባለው እንደዚያ ነው። ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ።

አሮጌ የምትገዙ ከሆነ የተሳቢ ጠላቱ ኪሎሜትር ሳይሆን ውሃ መሆኑን አትርሱ። ስትገቡ መጀመሪያ አሽቱ፤ የሻጋታ ሽታን ሽቶ አይደብቀውም። የግድግዳውን ማዕዘኖችና የመስኮቶቹን ሥር በአውራ ጣት ተጫኑ፤ ከለሰለሰ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷል። ወለሉ ላይ በእግራችሁ ተራመዱ። መሰላል ይዛችሁ ጣሪያውን እዩ። ከዚያ ጎማው ላይ ያለውን የመጨረሻ አራት አሃዝ አንብቡ፦ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ተሳቢ አብዛኛውን ዕድሜውን ቆሞ ስለሚኖር ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል፤ ስድስት ዓመት ከሞላው ቀይሩት። ፍሬን ያለው ይሁን። ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል፤ ካሊፎርኒያ ከ1,500 ፓውንድ ሲጀምር ሌሎች ብዙዎች ከ3,000 ይጀምራሉ። ሕጉ ባያስገድዳችሁም፣ ስድስት ነፍስ ጭናችሁ ሁለት ሺህ ፓውንድ ከኋላ ሲገፋችሁ ፍሬን ያለው ተሳቢ ይሻላል።

ደግሞ ስለ ራሳችን ልማድ ልናገር፤ ይህን ሻጩ አይነግራችሁም። ቡና ያለ ከሰል አይጥመንም። ዝናብ ሲመጣ ወይም ሲበርድ ማንደጃውን ወደ ተሳቢው ወይም ወደ ድንኳኑ ማስገባት የሚመጣ ሐሳብ ነው። በፍጹም! ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ የተኙትን ሳያነቃ ይገድላል። ፍሙ የጠፋ ሲመስልም ያወጣል። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ ውስጥ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የጋዝና የጭስ ማስጠንቀቂያዎቹ መሥራታቸውን በየጉዞው ሞክሩ። እማማን ለማሞቅ ተጨማሪ ብርድ ልብስና ጋቢ ይበቃል።

ምጣድም እንዲሁ ነው። በተራ የቤት ሶኬት የሚሰካ ምጣድ እስከ 1,800 ዋት ሊስብ ይችላል። በሸናንዶዋ ካምፖች ውስጥ ለተሳቢ የሚሰካ መብራት የለም፤ ትንሿ ጄኔሬተርም ምጣድ ልትጋግር አልተፈጠረችም። እንጀራውን ቤት ጋግራችሁ ይዛችሁ ኑ።

መንገዱን በሚመለከት ሦስት ነገር ብዬ ልጨርስ። ከጠቅላላው ዕቃ 60 በመቶ የሚሆነው ከተሳቢው ጎማ ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ ከባዱ ደግሞ ወለል ላይ ይጫን። ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ ብዙ የተሳቢ ጎማዎች የተሠሩት በሰዓት ከ65 ማይል ላልበለጠ ነው። ከወዛወዘ ጓደኛችን ያደረገውን አድርጉ፦ ቤንዚን መልቀቅ፣ መሪ ቀጥ ማድረግ፣ የመኪናውን ፍሬን አለመርገጥ፤ የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው የምትይዙበት መቆጣጠሪያ ካላችሁ እሱን ቀስ አድርጎ መያዝ።

ሦስተኛው፣ ከሰሜን በኩል በባልቲሞር የምትመጡ አሰሱ። ከ10 ፓውንድ በላይ ጋዝ የሚይዝ ሲሊንደር የጫነ መኪና በፎርት መክሄንሪም ሆነ በሃርበር ዋሻ ማለፍ አይፈቀድለትም፤ የተሳቢ ሲሊንደር ደግሞ ብዙውን ጊዜ 20 ነው። ድሮ በኪ ድልድይ ይታለፍ ነበር። ድልድዩ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. መርከብ ገጭቶት ከፈረሰ ወዲህ ግን በ695 ቀለበት መንገድ በምዕራብ በኩል መዞር ነው። ስልካችሁ በአጭሩ መንገድ ወደ ዋሻው ሊወስዳችሁ ስለሚችል አስቀድማችሁ አዘጋጁት። ሸናንዶዋ ስትደርሱ ደግሞ በስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፤ ትንሽ ተሳቢ በደንብ ያልፋል፣ ቁመታችሁን ግን ለክታችሁ ዕወቁ።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜና እሁድ ተከራይታችሁ ሞክሩ። እማማን ይዛችሁ ሂዱ፤ ደረጃው ከፍ አለባት ወይስ አላለባትም፣ ሌሊት መብራቱን ታገኘዋለች ወይ፣ እሷን ጠይቁ። ከልጆቹ በፊት የእሷ ቃል ይሰማ።

ነገ ጠዋት ከመበታተናችን በፊት ከቁርስ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ እገኛለሁ። ጣውላ፣ ጡብና ሚዛን ይዤ እመጣለሁ። እናንተ የመኪናችሁን በር ከፍታችሁ ያንን ቢጫ ወረቀት አንብቡልኝ፣ የቤተሰባችሁን ክብደት (የሚስቶቻችሁን እንኳ በግምት!) ጽፋችሁ ኑ፤ የየቤታችሁን ቁጥር አብረን እናወጣለን። ቁጥሩን ይዞ ወደ ሻጭ የሚሄድ ሰው አይታለልም።

በሐምሌ በተራራው ላይ ያገናኘን!